ለደጋዋ ልጅ የሚላክ ቃሪያ

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ የምኖር እናት ነኝ። የመጀመሪያዋ ልጄ በሥራ ምክንያት ደብረ ብርሃን ከገባች ሁለት ዓመት ሆናት። ሥራውም ሰዉም ተስማምቷታል፤ ምግቡ ግን አልጥም አላት። እዚህ ሳለች ዳጣ ሳይቀርብላት ማዕድ ላይ አትቀመጥም ነበር። እዚያ የምታገኘው ቃሪያ ወይ ተጨማዷል፣ ወይ እንደ ጎመን ነው፣ አያቃጥልም ትለኛለች። እኔም ከገበያ ቃሪያና እሸት ሚጥሚጣ እየገዛሁ በፌስታል አስሬ በአውቶቡስ እልክላታለሁ፤ ሲደርስ ግማሹ ረጥቦ ሻግቶ ይገኛል። ባለፈው ዓመት ራሷ በጣሳ ዘራች። ቅጠሉ አማረ፤ አበባው ግን እየረገፈ አንድም ፍሬ ሳይሰጥ ኅዳር ላይ በአንድ ሌሊት ጠቆረ። ጎረቤቴ ‹አፈሩ ነው፤ የሐዋሳን አፈር በጆንያ ላኪላት› ትለኛለች። ልላክላት? ወይስ በዚያ ብርድ ቃሪያ አይታሰብም ብላ ትተወው?»

እናቴ፣ አፈሩን አይላኩ። የሚያሳስበኝ የጆንያው ክብደትና የጭነቱ ክፍያ ብቻ አይደለም። አፈር ከቦታ ቦታ ሲጓዝ ሥር የሚያበሰብሱ ሻጋታዎች፣ ተክል የሚያጠወልጉ ባክቴሪያዎች፣ በዓይን የማይታዩ የሥር ትሎችም አብረውት ይጓዛሉ፤ ቃሪያ ደግሞ በእነዚህ ሁሉ የሚጠቃ ተክል ነው። የደብረ ብርሃን አፈር በበኩሉ ምንም አላጠፋም። ገብስና ባቄላ የሚያበቅል አፈር ከብስባሽና ከጥቂት አሸዋ ጋር ከተደባለቀ ቃሪያንም ያሳድጋል። ማስረጃው በራስዎ ደብዳቤ ውስጥ አለ፤ ቅጠሉ አምሮ ነበር ብለዋል። አፈሩ ቢጎዳው ኖሮ መጀመሪያ የሚገረጣው ቅጠሉ ነበር።

ጥፋቱ የሌሊቱ ብርድ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በግምት በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። ቀን ቀን ይህ ልዩነት ብዙ አያስፈራም፤ የደጋ ፀሐይ ጠንካራ ስለሆነች ቅጠሉ ደህና አድርጎ ያድጋል። ነገሩ የሚበላሸው ማታ ነው። ቃሪያ ከሞቃታማው የአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ነው፤ የሚመቸው ቀን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ የሚደርስ፣ ሌሊት ደግሞ ከ15 ዲግሪ ብዙ የማይወርድ አየር ነው። ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋና ከዚያም ሲወርድ በአበባው ውስጥ ያለው የወንዴ ዱቄት ይመክናል። ያልተዳቀለ አበባ ደግሞ አንገቱ ቢጫ ይሆንና ይረግፋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚሮጠው ማዳበሪያ ለመጨመር ነው፤ ልጅዎ እንዲህ እንዳታደርግ ይንገሯት። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠሉን ያወፍረዋል እንጂ አበባውን አያቆምላትም።

ኅዳር ላይ ተክሉን ያጠቆረው ደግሞ ውርጭ ነው። በደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ቃሪያ ደግሞ ውርጭን ለአንድ ሌሊት እንኳ አይችልም።

ወደ መፍትሔው ስገባ፣ እርስዎ ምናልባት ያልጠበቁትን ነገር አስቀድማለሁ። ልጅዎ ቃሪያ ፍለጋ ፊቷን ወደ ደቡብ ሳይሆን ወደ ሰሜን ታዙር። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ደብረ ብርሃን ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ይጨመራል። እሸት ነገር ይህን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ጣሪያ ወይም በዕቃ መጫኛ ውስጥ ሲጓዝ ከገበያዎ የወጣው ቃሪያና የሚደርሳት ቃሪያ አንድ አይሆኑም። ከደብረ ብርሃን ተነስታ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋ በደብረ ሲና በኩል ብትወርድ ግን 100 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ትደርሳለች። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ከሐዋሳም ትሞቃለች። ደጋና ቆላ እንዲህ ተጠጋግተው ባሉበት አገር የምትኖር ልጅ ቃሪያዋን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ማስመጣት አይኖርባትም።

ይህ ማለት ግን በየሳምንቱ ሸዋ ሮቢት ትውረድ ማለቴ አይደለም። ደንበኛ ታብጅ። ከገበያው አትክልት ሻጮች አንዷን ትምረጥና ቃሪያው ከየት እንደመጣና መቼ እንደተቀጠፈ ትጠይቅ። ከቆላ የሚመጣው ጭነት በየትኛው ቀን እንደሚገባ ካወቀች በዚያው ዕለት ጠዋት ትሂድ፤ በሦስተኛው ቀን የሚገዛ ቃሪያ የተጨማደደው እዚያው ገበያ ላይ ውሃው እየተነነ ነው። ስልክ ቁጥር ተለዋውጣ «የሚያቃጥለውን፣ የጎለመሰውን፣ እሸት ሚጥሚጣም ካለ ጨምረሽ አምጪልኝ» ብትል ሻጯ ገዢ እንዳለው አውቃ ታመጣላታለች። ሚጥሚጣ እሸቱን ካላዘዙት በደጋ ገበያ ብዙም የማይታይ ነገር ነው፤ አብዛኛው ሰው ደረቁን ስለሚፈልግ ነጋዴው በራሱ ተነሳስቶ አያመጣውም።

ሲመርጡ እጅ ይፍረድ። ጥሩ ቃሪያ ሲጨብጡት ጠንከር ይላል፣ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ እንጨቱ አረንጓዴ ነው። ልጅዎ «አያቃጥልም» ያለችው ደግሞ በአብዛኛው የለጋነት ጉዳይ ነው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፤ የሚመረተውም ብዙዎች እንደሚያስቡት በዘሩ ውስጥ ሳይሆን ዘሩ በተያያዘበት ነጭ ሥጋ ውስጥ ነው። ቃሪያው ሳይጎለምስ ከተቀጠፈ ይህ አይሞላለትም። ውሃ እንደ ልቡ እየጠጣ ያደገ ቃሪያም ትንሽ ውሃ እየጠማው ካደገው ይልቅ ለስለስ ይላል። ስለዚህ ለዳጣ የምትገዛው ቀለሙ የጠቆረውን አረንጓዴ፣ ቢቻል ትከሻው ላይ መቅላት የጀመረውን ይሁን። ለስንግ ግን ለጋው ይሻላል፤ ሁለቱን ለያይታ ትግዛ።

አሁን እርስዎ ወደሚልኩት ልመለስ፤ የእናት እጅ የመረጠው ነገር ይቅር ለማለት አልደፍርም። መላክ ካማረዎት የሚቀየረው ፌስታሉ ነው። ቃሪያ ከተቀጠፈ በኋላም ይተነፍሳል፣ ውሃም ያስወጣል፤ በታሰረ ፌስታል ውስጥ ያ ውሃ መውጫ ሲያጣ ቃሪያው ላይ መልሶ ይንጠባጠብና ሻጋታ ይጠራል። በጎኑ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ይጠቀሙ። ከታች ጋዜጣ ያንጥፉ፣ ቃሪያውን ሳያጥቡ፣ እንጨቱንም ሳይነቅሉ ይደርድሩ፣ በየመሐሉ ጋዜጣ ጣል ያድርጉ። የተሰነጠቀ ወይም ለስላሳ ጠባሳ ያለበት አንድ ፍሬ ካለ ያውጡት፤ ጎረቤቱን የሚያበሰብሰው እሱ ነው። ማንጎና አቮካዶ አብረው ለመላክ እንደሚፈተኑ እገምታለሁ፤ ለብቻ ካርቶን ይሁኑ፤ የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ጋዝ ሌላውን አትክልት ያስረጀዋል። የአውቶቡሱን ረዳት ደግሞ ከሞተሩ አጠገብ እንዳያስቀምጠው አደራ ይበሉት።

ቃሪያው ከደረሰ በኋላ ግን ብርዱ ራሱ ይረዳታል። የቃሪያ ጥሩ ማቆያ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ያለ፣ እርጥበት ያልተለየው አየር ነው፤ እንዲህ ባለ ቦታ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል። በጣም የቀዘቀዘ ፍሪጅ ውስጥ ብዙ ከቆየ ቆዳው እየጎደጎደ ውሃ ይቋጥራል፣ ዘሩም ይጠቁራል። የደብረ ብርሃን ጓዳ ፀሐይ ካላገኘው ከአብዛኛው ፍሪጅ የተሻለ የቃሪያ ቤት ነው። በጋዜጣ ተጠቅልሎ በቅርጫት ይቀመጥ፤ ውርጭ በሚያስገባ መስኮት ሥር ብቻ እንዳይሆን።

ማቀዝቀዣው በረዶ የሚሠራበት ክፍል ካለው ደግሞ የዓመቱን ችግር ግማሹን ይፈታዋል። ቃሪያውና ሚጥሚጣው ርካሽ በሚሆንበት ወቅት ታጥቦ፣ ጠብ የሚል ውሃ እስከማይኖረው ድረስ ደርቆ፣ በትሪ ተበትኖ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ በከረጢት ይታሰር። መቀቀል አያስፈልገውም። ሲወጣ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ለስንግ አይሆንም፤ የሚያቃጥለው ነገር ግን አይጠፋም፣ ለሚፈጭ ዳጣ ደግሞ መለስለሱ አይጎዳም። በወሩ አንዴ እፍኝ እያወጣች ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ትፍጨው። ጤና አዳም ደጋ ላይም ይበቅላል፤ እሱን ከሐዋሳ መላክ አያሻም።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ዳጣውን እርስዎ ፈጭተው፣ ላዩን በዘይት ሸፍነው፣ በብልቃጥ ከድነው በአውቶቡስ ለመላክ አስበው ከሆነ አይላኩት። ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና ጥሬ ቃሪያ በዘይት ተዘፍቀው አየር በማያገኙበት ብልቃጥ ውስጥ በሙቀት ሲቆዩ ቦቱሊዝም የሚባለውን የምግብ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊራባባቸው ይችላል። ይህ መርዝ ሰው ይገድላል፤ ሽታውና ጣዕሙም ሁልጊዜ አያስታውቅም። ዘይት ዳጣን ከአየር ይጋርደዋል እንጂ ከዚህ አያድነውም። የደጋ ጓዳም ለዚህ በቂ ቅዝቃዜ አይሰጥም። የተፈጨ ዳጣ በፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥና በአራት ቀን ውስጥ ይበላ፤ ከዚያ በላይ የሚቆየው በረዶ በሚሠራው ክፍል በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ ይቀመጥ። ሎሚና ጨው መጨመር ይረዳል፣ ቅዝቃዜውን ግን አይተካም። ስትፈጭ እጇን ካቃጠላት ውሃ ብቻ አይጠቅማትም፤ ካፕሳይሲን በዘይት እንጂ በውሃ አይሟሟምና እጇን አስቀድማ በዘይት አሽታ ከዚያ በሳሙና ትታጠብ።

ይህ ሁሉ እያለ «ታዲያ ማብቀሉ ይቅር?» ካሉኝ አይቅር እላለሁ። በመስኮት አጠገብ የቆመ አንድ የቃሪያ ተክል ለአንድ ቤት ማባያ ይበቃል፤ ተቀጥፎ ወዲያው የሚበላውን ቃሪያ ደግሞ የትኛውም ገበያ አይሰጣትም። ልጅዎ አንድ ጊዜ ሞክራ ቅጠል ድረስ አድርሳዋለች፤ የቀረው ትንሽ ነው። እርስዎም ከሐዋሳ ሆነው የሚያግዟት እዚህ ላይ ነው። ፍሬውን ትተው ችግኙን ይላኩላት።

ምክንያቱን ላስረዳ። ቃሪያ ለመብቀል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ15 በታች ሲሆን ዘሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይበሰብሳል። በደጋ ከዘር ጀምሮ የሚለፋ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በብርድ ያባክናል። ያንን ሁለት ወር ችግኙ እርስዎ ዘንድ በሙቀት ያሳልፍ። ከሰፈርዎ ገበያ በደንብ የቀላ፣ ጤነኛና የሚያቃጥል ፍሬ ይምረጡ፤ ዘሩን አውጥተው በጥላ ያድርቁ። ለዱቄት ተብሎ በእሳት ወይም በጠራራ ፀሐይ ከደረቀ ዛላ የወጣ ዘር ሊመክን ይችላል፤ ዲቃላ ከሆነ ዝርያ የወጣም እናቱን ላይመስል ይችላል። ኅዳር ላይ ዘሩን ሌሊቱን በለብታ ውሃ ዘፍዝፈው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይዝሩት። የሐዋሳም ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ይቀዘቅዛልና ማታ ማታ ወጥ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ያሳድሩት። አራት ቅጠል ሲያወጣ እያንዳንዱን በየራሱ ኩባያ ያዛውሩት። ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ላይ፣ አበባ ሳይጀምር፣ ኩባያዎቹን በካርቶን ውስጥ አቁመው፣ በዋዜማው ውሃ አጠጥተው፣ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ይላኩ። የኩባያው አፈር ከጓሮ የተዛቀ ሳይሆን በሙቅ ውሃ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ወይም ከችግኝ ጣቢያ የተገዛ ይሁን፤ ስለ በሽታው ከላይ ያልኩት ለኩባያም ይሠራል።

ከሚጥሚጣና ከቃሪያ የቱን ላሉኝ ለመጀመሪያው ዓመት ቃሪያውን እመርጣለሁ። ሚጥሚጣ ፍሬ ለመስጠት ረዘም ያለ ጊዜ የሚጠይቅ፣ ሙቀትም አብዝቶ የሚወድ ነው። እግረ መንገዴን ላንሳና በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ሮኮቶ የሚባል ቅዝቃዜን ከሌሎቹ በተሻለ የሚችል ቃሪያ አለ፤ ዘሩ ጥቁር፣ አበባው ሐምራዊ፣ ቅጠሉ ፀጉራም ነው። ለእኛ ደጋ የሚስማማ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ዘሩ በገበያችን የተለመደ ስላልሆነ ልጅዎ እሱን እየጠበቀች አትቀመጥ። ውርጭን እሱም አይችልም።

ችግኙ ሲደርሳት ትልቅ ነገር ላይ ትትከለው። ባለ 10 ሊትር ባልዲ ወይም አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ይሆናል፤ ከታች ውሃ መውጫ ይበሳ። ቦታው ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ መስኮት ወይም የድንጋይ ግድግዳ ሥር ቢሆን ይመረጣል፤ በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ስለምትሄድ ያ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ማታ ደግሞ ያጠራቀመውን ሙቀት ይመልሳል። ጣሳን የማልወደው ትንሽ አፈር ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነው። በውጭ ካስቀመጠችው በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ ነጭ ፕላስቲክ ታልብሰው፤ ቀን ሲሞቅ ትክፈተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትዝጋው። ዘግይታ ከዘጋችው የምታስቀረው ሙቀት አይኖርም። ማታ ወደ ቤት ማስገባት ከቻለች ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

አበባ ሲጀምር በቤት ውስጥ ነፋስ የለምና ቀትር ላይ ግንዱን በጣቷ ቀስ አድርጋ ትነቅንቀው፤ ቃሪያ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ የሚጎድለው መነቅነቁ ብቻ ነው። ውሃውን ጠዋት፣ ለብ አድርጋ ትስጠው። የካቲት ላይ የተተከለው በሚያዝያና በግንቦት ይደርስላታል፤ የክረምቱ ደመናና በረዶ ከመምጣቱ በፊት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አትንቀለው። ቃሪያ ውርጭ ካልገደለው ለብዙ ዓመት የሚኖር ተክል ነው። መስከረም ላይ ቅርንጫፎቹን አሳጥራ፣ ውሃውን ቀንሳ፣ ብርሃን ወደሚገባበት ክፍል አስገብታ ብርዱን ብታሳልፈው በሁለተኛው ዓመት ሥሩ የጠና ስለሚሆን ከአዲስ ችግኝ ቀድሞ ያብባል።

አምስት ወይም ስድስት ችግኝ ያዘጋጁ፤ መንገድ ላይ የሚሰበር አይጠፋም። ሁሉም በደህና ከደረሱ የተረፉትን ለጎረቤቶቿ ትስጥ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ቃሪያ የጠማት እሷ ብቻ እንደማትሆን አልጠራጠርም። ለዘር የሚሆነውን ቀይ ፍሬ ግን ከአሁኑ መምረጥ ይጀምሩ፤ በሐዋሳ ገበያ ከአረንጓዴው መሐል ደህና የቀላና የሚያቃጥል ለማግኘት ከአንድ በላይ ገበያ መውጣት ሊያስፈልግዎ ይችላል።